ቀዩን መሬት የቻለው ስንዴ

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ከምርምር የመጡ ልጆች ከቤቴ በታች ያለውን ቀይ መሬት በመደብ በመደብ ሸንሽነው ስንዴ ዘሩበት። በየመደቡ ራስ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ተከሉ። ግማሹን መደብ ኖራ ነሰነሱበት፣ ግማሹን እንዳለ ተዉት። ዘሩ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእኛም ከእስቴ ከየገበሬው ጎተራ የተለቀመ የድሮ ስንዴ ነው አሉ። አለቃቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት።

«አባቴ፣ ይህ አፈር አሲዳማ ነው። ብረትም በዝቶበታል። የትኛው ዘር እንደሚችለው ልናይ ነው» አለችኝ።

«የሚችለው አለ» አልኳት።

«እንዴት አወቁ?»

«አይቻለሁ።»

ሳቀች። የጨዋ ልጅ ሳቅ ነው፣ ግን አላመነችኝም። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ በዶማ መሬቱን ገለበጠውና ያ ሽታ ወጣ። ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ፤ የዛገ ማረሻ አፍንጫ ሥር እንደ መያዝ ያለ። በቆምኩበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

«እንግዲያው ያዩትን ይጻፉልኝ» አለችኝ። እኔ ከዳዊት አልዘለልኩም፤ ዳዊቱንም ቢሆን አልጨረስኩት። ፊደሉ ቢጣመም የእጄ ጥፋት ነው። ነገሩ ግን አልተጣመመም።

ያን ዓመት የኖርኩት ከአክስቴ ከየሺ ጋር ነው። የሺ የአባቴ እኅት ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይኖራት ወደ አባቷ አገር ተመለሰችና «ድርሻዬን» አለች። አባቴ እሺ አለ። ታላቅ ወንድማቸው አያ ታከለ ግን እሺ አላለም።

«ሴት ሞፈር አትይዝ፣ መሬት ምን ያደርግላታል? እኔ ቤት ትግባ፤ እንጀራ አላጣባትም» አለ።

እሱ ቤት መግባት ምን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከሚስቱ በታች ሆኖ ወፍጮ መፍጨት፣ ውሃ መቅዳት፣ ሌላው ከበላ በኋላ የተረፈውን መብላት ነው። አክስቴ አርባ ዓመት ሊሞላት ነበር። ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ። የመሐሉ የጊዮርጊስ ቄሰ ገበዝ፣ አባ ወልዴ ነበሩ። ድርሻ ይገባታል ብለው ፈረዱ። የትኛው መሬት እንደሚሆን ታላቅየው ይምረጥ ሲባል አያ ታከለ ሳያስብ እጁን ወደ ቀዩ ተዳፋት ዘረጋ።

ቀዩ ገብስ ቢዘሩበት ገለባ የሚመልስ መሬት ነው። የሚበቅልበት መራራው ባቄላ መሰል ግብጦ ብቻ ነው፤ ግብጦም እዚያ ሲበቅል ፊቱን ያዞራል ይባል ነበር።

አባ ወልዴ ጢማቸውን እየነኩ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ይታይ። ለሰውም ለመቅደስም የሚሆን እህል ካበቀለችበት ይጽናላት። ካላበቀለች መሬቱ ወደ ታከለ ይመለስ፣ እሷም ወንድሟ ቤት ትግባ።»

«ግብጦ እህል አይደለም!» አለ አያ ታከለ ቶሎ ብሎ።

«ግብጦ እህል አይደለም» አሉ አባ ወልዴም። «ስንዴ ይሁን።»

አባቴ የእኅቱ ነገር ቢከብደው እኔን ሰጣት። «እጅ ይሆንሻል፤ ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስ ሄዶ ፊደል ይቁጠር፣ ከዚያ ያንቺ ነው» አላት። እሷም ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እጁስ ቀጭን ነው፤ አፉ እንዴት ነው?» አለች። ስለ አፌ መጠየቋ ልክ እንደነበር ቆይቶ ታየ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ቀዩ ላይ ቁጭ ብላ ከአፈሩ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች። አጣጣመች፣ ተፋች። ጥቂት ራቅ ብላ ደግሞ ቀመሰች። እኔ ደነገጥኩ። አፈር የሚልስ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የጎረቤታችን ሚስት ስታረግዝ ግድግዳ ቧጥጣ ትልስ ነበር። «አምሯት ነው» ይሏት ነበር። ስለዚህ ምንጭ ወርጄ ለሴቶቹ የማውቀውን ተናገርኩ። «እቴ የሺ አምሯታል።»

በማግሥቱ አያ ታከለ ዱላውን ይዞ ከተፍ አለ።

«የሺ! ባልሽ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ከማን ነው?»

«ምኑ?»

«ያማረሽ! ያረገዝሽው!»

አክስቴ ወደኔ ዞረች። እኔ ምሰሶውን አቀፍኩ። ከዚያ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች።

«ከቀዩ መሬት ነው የጸነስኩት! ለኅዳር ነው የምወልደው። ክርስትና ታነሳልኛለህ?»

አያ ታከለ እየተራገመ ሄደ። ተቆጥታ ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ እጄን ይዛ ወደ ቀዩ ወሰደችኝና «እንግዲህ አንተም ይመርህ፣ ቅመስ» አለች። ቀመስኩ። የከረመ አሬራ ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ ግን ቢላዋ መላስ ነው።

«ኮመጠጠህ?»

«ኮመጠጠኝ።»

«መሬቱ ኮምጣጣ ነው። የከረመ አሬራ ጠጥቶ ሆዱን የሚያመው ሰው አለ፣ ምንም የማይለውም አለ። ስንዴም እንደ ሰው ነው። ይህን ጠጥቶ ምንም የማይለውን መፈለግ ነው።»

ይህን ያስተማራት መጽሐፍ አይደለም፣ ምርምርም አይደለም። ራሷ አስባው ነው። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ መንገድ ጀመርን። ስማዳን አቋርጠን እስከ አርብ ገበያ ሄድን፤ በየሰዉ ቤት እያደርን፣ እኔም እግሬ እየተላጠ። በየደረስንበት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ከክፉ መሬታችሁ ላይ የሚበቅል ስንዴ አላችሁ?» ሰው ይስቅባታል። አርብ ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ እንደ ጥርስ የነጣ ስንዴ በመዳፉ አድርጎ «እመቤቴ፣ እንዲህ ያለ ፍሬ የትም አታገኚ፤ ጥቁር መሬት ላይ ያደገ ነው» አላት።

«ጥቁር መሬት ላይ ያደገ የጌታ ልጅ አልፈልግም። መከራ ያየ ካለህ አምጣ» አለችው።

ሰውዬው ለጓደኛው «ይቺ ስንዴ ትሸምታለች ወይስ ባል ትመርጣለች?» አለው። እሷ ሰምታለች። «ባልማ ቢሆን አንተንም አይህ ነበር፤ መከራ ያየህ ትመስላለህ» ብላው አለፈች። በስንዴ ተራ ያለው ሁሉ ሳቀበት። በመጨረሻ ያው ሰውዬ ከጆንያው ሥር ለራሱ ቤት ያስቀረውን ቀላ ያለ ስንዴ አንድ እፍኝ ሰጣት።

ስማዳ ውስጥ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ የምትኖር አንዲት አሮጊት አገኘን። ማሳዋ እንደኛው ቀይ ነው። ፍሬው ቀጭን፣ መልኩ የጠይም ሰው፣ ጢሙ ጥቁር የሆነ ስንዴ ነበራት። «ለዓይን አያምርም፤ ዳቦውም ጥቁር ነው። ግን አይጥለኝም» አለች። አክስቴ አሮጊቷን ሁለት ጊዜ አስደግማታለች፦ «አይጥለኝም ነው ያሉት?» «አይጥለኝም።»

ስንመለስ በነጠላዋ ጠርዝ ስድስት ቋጠሮ ነበር።

ሴት ስለማታርስ፣ በሬም ስለሌላት፣ ቀዩን በዶማ ቆፍረን ስድስት መደብ አወጣን። እያንዳንዱን መደብ ለሁለት ከፈለችው፤ ለላይኛው ግማሽ የምድጃ አመድ፣ ለታችኛው ምንም። እኔ ጓሯችን ውስጥ አመድ የነካው አትክልት እንደሚሻል ስላየሁ «ለምን ሁሉንም አናለብሰውም?» አልኳት።

«ለመደቡ አመድ አለኝ። ለተዳፋቱ ሁሉ ከየት አመጣለሁ? አገሩን አቃጥዬ ነው? እኔ የምፈልገው ያለ አመድ የሚቆመውን ነው።»

ስንዴዎቹ እንዳይምታቱ በየመደቡ ራስ የተለያየ እንጨት ተከልን። የአርብ ገበያው ወይራ፣ የስማዳዋ አሮጊት ክትክታ፣ ሌሎቹም እንዲሁ ብሳና፣ ግራዋ፣ ቀጋ፣ ዋንዛ። ሀ እና ሐን በቅጡ ያልለየሁ ልጅ፣ እንጨቱን በጨለማ ዳብሼ መለየት ቻልኩ።

ሐምሌ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ በቀለ። ነሐሴ ላይ አመድ ያልቀመሰው ወገን ቢጫ መሆን ጀመረ። የቅጠሉ ጫፍ ወይን ጠጅ እየመሰለ ይደርቃል። እሷ በየሳምንቱ ከየመደቡ አንድ አንድ አገዳ ነቅላ ሥሩን በውሃ ታጥባለች። ሰው ቅጠሉን ሲያይ እሷ ሥሩን ነው የምታየው። የብዙዎቹ ሥር እሳት እንደነካው ክር አጭርና ጫፉ የደነደነ ነበር። «ጠጥቶ ታመመ» ትላለች። ከክትክታው መደብ የነቀለችውን ግን በሁለት ጣቷ ወደ ላይ አንጠልጥላ ታየዋለች። ረጅም፣ ነጭ፣ ጸጉራም ሥር።

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነበር። ከቀዩ ግርጌ ውሃ ያዥ ቦታ አለ፤ ውሃው ላይ ዝገት የሚመስል ቀይ ነገር ይሰፍራል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ቅባት ያብረቀርቃል። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሱ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ደሙም ሲፈስ ተስሏል። ሁለቱን ገጠምኳቸው። ዘንዶው የተቀበረው ከእኛ ተዳፋት ሥር ነው፣ ገና አልሞተም፣ ስንዴያችንን የሚያቃጥለው ደሙ ነው አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ በአፌ ተቀጥቻለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት ፊደል ስቆጥር ዓይኔ ጦሩ ላይ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ አመድ ያልቀመሰው የአምስቱ መደብ ወገን ጠፍ ሆኖ ቀረ፤ አመድ የቀመሰው ወገናቸውም ገና እሸት ነው፣ ለጽዮን አይደርስም። ክትክታው ብቻ ሁለቱም ግማሽ ቆሞ፣ አጠር ብሎ፣ ጥቁር ጢሙን አቅንቶ ቀድሞ ደረሰ። አክስቴ አጎንብሳ ዛላውን በጉንጯ ስትነካው አይቻለሁ።

ለጽዮን አራት ቀን ሲቀረው ወደ መካነ ኢየሱስ ወገን ለቅሶ ሄደች። «ወፍ ጠብቅ» አለችኝ። «ስመለስ እናጭደዋለን።»

ያን ጠዋት አባ ወልዴ ስለ በኵራት አስተማሩን። የመከሩ መጀመሪያ፣ ከሁሉም ጥሩው፣ የእግዚአብሔር ነው አሉ። እኔ አሰብኩ። መጀመሪያ የደረሰው ክትክታው ነው። ጥሩውም እሱ ነው። ጊዮርጊስ የራሱን በኵራት ቢያገኝ ዘንዶውን አንዴ ጨርሶ ይወጋልናል። ትንሽ ብሰጠው ደግሞ ትንሽ ይወጋዋል። ሄድኩና ሁለቱንም ግማሽ አጨድኩ፣ በዱላ ወቃሁ፣ በአፌ አበጠርኩ፣ ተሸክሜ ለአባ ወልዴ ሰጠሁ። ራሴን ባርከው፣ ለቁርባን ኅብስት ከሚሆነው ከመገበሪያው ነጭ ስንዴ ላይ ጨመሩት። እየሮጥኩ ተመለስኩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አክስቴ በማግሥቱ መጣች። መደቡን አየች። «ወፍ ነው?» አለች ድምጿ ቀጥኖ። ነገርኳት፤ ዘንዶውንም ጭምር። እመታለሁ ብዬ ነበር፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ታጭዶ በቀረው ቅሪት ላይ መዳፏን አደረገች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። «ና» አለችኝ።

ከቅጥሩ በር ላይ ቆማ «አባ፣ ይፍቱኝ» አለች።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። የሺ፣ ይህ ልጅ ተባርኳል። እንዲህ ያለ መባ ከትልቅ ሰውም አላየሁ።»

«አባ፣ የሰጠዎት ዘሬን ነው። ሌላ የለኝም።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ለጊዮርጊስ የተሰጠ አይመለስም፣ የሺ።»

«እጥፍ አድርጌ ነጭ ስንዴ ላምጣ። ለቀለብ የሸመትኩት፣ እንክርዳድ የሌለበት፣ በእጄ የለቀምኩት አለኝ።»

«ጊዮርጊስ ገበያተኛ ነው? ይለዋወጣል?»

«መሬቴ ይሄዳል፣ አባ።»

«አውቃለሁ። የፈረድኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ መቋሚያቸውን እያዩ ቀስ ብለው ጠየቁ፦ «ስንዴው የማን ነበር?»

አክስቴ ወደኔ አየች። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ ሽማግሌው በር ከፍተውላታል። «የኔ ነው፣ ሳይጠይቀኝ ወሰደው» ብትል ይለቀቅላት ነበር። እኔ ግን ሌባ እባላለሁ፤ በእኛ አገር ደግሞ የልጅ ስም ቶሎ አይለቅም። መሬቷ ከፊቷ እየሄደ ያን ቃል አልተናገረችም።

«የቤታችን ነው» አለች።

«እሱም የቤቱ ልጅ ነው። እንግዲህ ሰጥቷል» አሉ።

ፊቷን አየሁት። አያ ታከለ ቤት ጎንበስ ብላ ስትፈጭ ታየችኝ። ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ቃሉ ከአፌ ወጣ፦

«አባ፣ ሳልጠይቃት ነው የወሰድኩት። ሰርቄ ነው።»

«ዝም በል!» አለች አክስቴ።

«ሰርቄ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ዛፍ ሥር የሚያነቡት ልጆች ንባባቸውን አቁመው አዩኝ።

አባ ወልዴ አዩኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። «የስርቆት እህል መቅደስ አይገባም» አሉ። «ዲያቆን! መገበሪያውን አውጣው። አንተ ደግሞ እስከ ገና ድረስ ኅብስቱ ለሚጋገርበት ለቤተ ልሔሙ ውሃ ትቀዳለህ።»

ከቅጥሩ ውጭ ቁርበት ተነጠፈ። ሁለታችን ትይዩ ተቀምጠን ከነጩ መሐል ጠይሙን ፍሬ በፍሬ ለቀምን። ጣቴ ደነዘዘ። ልጆቹ ሲያልፉ «የጊዮርጊስ ሌባ!» ይሉኛል። ሦስተኛው ሲለኝ አክስቴ ቀና ብላ «ሌባ ካላችሁት ኑና ልቀሙ፤ ከእናንተ ለጊዮርጊስ እፍኝ ስንዴ የሰጠ አለ?» አለቻቸው፤ ሸሹ። ለእኔ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያቺን አለፍካት፣ ከጉልበትህ ሥር።» ስንጨርስ የሷን ነጭ ስንዴ በላዩ ጨምራ መለሰች። አባ ወልዴ «አልጠየቅሁሽም» ቢሏትም «አልጠየቁኝም» ብላ ሄደች።

የጽዮን ዕለት ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ቀዩ ላይ ወጡ። አያ ታከለ ዱላውን መሬት ተክሎ ዞር ዞር አለ።

«የታለ ስንዴው? ያልደረሰ እሸት፣ ቅሪትና እንጨት ነው የማየው! እንጨት ልታበቅል ነበር እንዴ?»

አክስቴ ከወይራው መደብ አመድ ካልቀመሰው ወገን አንድ ደረቅ አገዳ ነቀለች። ያለ ምንም ትግል ወጣ፤ ሥሩ እንደ ጣት አጭር ነበር። ለአባ ወልዴ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ ክትክታው ሄዳ፣ አሁንም አመድ ካልቀመሰው ወገን፣ ቅሪቱን ይዛ ሳበች። እምቢ አለ። በሁለት እጇ ሳበች። ጓል ይዞ ወጣ፤ አፈሩን ስታራግፈው ሥሩ እስከ ክንዷ ተንጠለጠለ።

«ላይኛውን ግማሽ አላሳያችሁም። አመድማ ሁሉንም ያስታርቃል። ይህኛው ግን ከቀዩ ጋር ራሱ ነው የታረቀው» አለች።

«ሥር ይበላል እንዴ?» አለ አያ ታከለ። «ፍሬው የታለ?»

ቋጠሮዋን ፈታች። ሦስት እፍኝ ቢሆን ነው።

«ይህስ ከገበያ ያልተገዛ መሆኑን ማን አየ?»

አባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ። ከዚህ ታጭዶ ሲመጣ በእጄ ተቀብያለሁ፣ በእጄ መልሻለሁ።»

«አባ፣ ሦስት እፍኝ እኮ ነው!»

«አንተ ከቀዩ ስንት እፍኝ አፍሰህ ታውቃለህ፣ ታከለ?»

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አያ ታከለ ዱላውን ነቅሎ ትከሻው ላይ አደረገ፤ አልሄደም ግን፤ ረጅሙን ሥር ከአክስቴ እጅ ተቀብሎ ማየት ጀመረ።

«ይጽናላት» አሉ አባ ወልዴ። ሁለቱም «ይጽናላት» አሉ።

ሰው ሊበተን ሲል አባ ወልዴ ወደ ኋላ ቀሩ። ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሺ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ጀርባ ያለው መሬትም ቀይ ነው። ከዚያች ዘር ለእኛም ጥቂት ትቆነጥሪልናለሽ?»

አክስቴ ቋጠሮዋን መልሳ አጠበቀችው።

«ዛሬ ለራሷም አትበቃም። ለከርሞ ይምጡ፣ አባ» አለች። «እዚሁ ነኝ።»